በእትዬ ማሚቴ መኪና ላይ የገጠምኩት አምፑል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ዳቦ አስቆረሰኝ፤ ንግግርም ተደረገልኝ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መሐንዲስ ብድግ አለና «ወይዘሮ አስካለ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሠሩት ሁሉ በጣም የሚኮሩበት የቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሁሉም ትልቅ ነገር ጠብቀዋል። ትልቅ ነገርም አላጣሁም ነበር። ሐረርጌ በረሃ ውስጥ ሦስት ቀን የታገልኩት ጄኔሬተር አለ፤ ማንም እጁን ሊያስገባበት ያልደፈረ ክሬን አለ። እኔ ግን «አንዲት የፍሬን መብራት አምፑል ቀይሬያለሁ» አልኩት። ሳቁብኝ እኮ!

አልፈርድባቸውም። የዛሬ መኪና መብራቱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ሙሉውን ነቅለው አዲስ ይገጥማሉ። ቢሆንም ሳቁ ከነከነኝ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

እኔ የእሪ በከንቱ ልጅ ነኝ። እናቴ ታይፕ ተምሬ ቢሮ እንድቀመጥላት ነበር ምኞቷ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ የጽሕፈት ክፍሉ ሞልቶ ኖሮ «ኤሌክትሪክ ክፍል ቦታ አለ» አሉኝ፤ «እሺ» ብዬ ገባሁ። ለእናቴ ግን ታይፕ እየተማርኩ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸኋት። ጥፍሬ ውስጥ የገባውንና ክርኔ ላይ የተለደፈውን ቅባት ስታይ «የታይፕ ቀለም ነው» እላታለሁ፤ እሷም «ምን ዓይነት ታይፕ ነው በክርን የሚጻፈው?» ትለኝ ነበር። ስመረቅ አርሲ ውስጥ ከአንድ የትራክተር ጣቢያ ተመደብኩ። ዓመት ከመንፈቅ ጭቃ ረግጬ፣ በደርግ ጊዜ መሆኑ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ ቢሆንም አገሬ ገባሁ።

የተዛወርኩበት ጋራዥ ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ቁልቁል ሲኬድ ነበር። ባለቤቱ ጣሊያን ጥሎት ሄዶ መንግሥት ወርሶታል። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳማትር ታዬ የሚባለው ኤሌትሪሺያን ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ «እህት፣ ሻይ ቤቱ ቀጥሎ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠፋ ተብሎ ከዚያ ነው የላኩኝ።»

ጋራዡ በሙሉ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታዬና እኔ አይጥና ድመት ሆንን።

የኤሌትሪክ ክፍሉ አለቃ ጋሽ ሀብቶም ነበሩ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ከጣሊያኖች ጋር ሲሠሩ ነው ያደጉት፤ አማርኛቸው ላይ ትግርኛው ጣል ጣል ይላል። እኔን «ጓለይ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኒህ ሰው መኪና ሲመጣላቸው መሣሪያ አያነሡም። መጀመሪያ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ሹፌሩን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ በሩንም፣ ኮፈኑንም፣ የሚዘጋውን ሁሉ ያዘጋሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዐሥር እርምጃ ቆጥረው ይሄዱና ዞረው «ርገጥ!» ይላሉ። ሥራው ሲያልቅም እንደዚያው ነው፤ የኋላ መብራቱን አስበርተው አንድ ጊዜ፣ አስጠፍተው አንድ ጊዜ። ደንበኛው ይሰለቻል፣ ታዬ ይስቃል፤ እሳቸው ግን ያቺን ዐሥር እርምጃ አንድ ቀን አላጎደሉም።

«ጋሽ ሀብቶም፣ ከቅርብ ሆነው ቢያዩት ምን አለበት? አምፑሉ እንደሆን በርቷል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጓለይ፣ የፊት መብራት ለባለ መኪናው ነው። የፍሬን መብራት ግን ባለ መኪናው ለማያውቀው ሰው ነው። እሱ ራሱ በዕድሜው አንድ ቀን አያየውም። ታዲያ እኔ ከማን ቦታ ቆሜ ልየው?»

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ተማሪያቸው ሲቸገር ካዩ መልሱን አይናገሩም። አፋቸው እንዳያመልጣቸውም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። መነጽሩ ከወለቀ እንግዲህ ነገሩ የራስሽ ነው።

አሁን የወደቅሁበትን ልናገር። ያን ጊዜ ዕቃ የለም። አምፑል ከወዳጅ አገሮች በካርቶን ይመጣል፤ ከእኛ መኪኖች ግን አልገጥም ይላል። የፍሬን መብራት አምፑል ባለ ሁለት ክር ነው፤ ቀጭኑ ክር ለዘወትሩ የኋላ መብራት፣ ወፍራሙ ለፍሬን። ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ተገልብጦ እንዳይገባ ሠሪው ሆነ ብሎ ነው ያበላለጣቸው። የመጣልን አምፑል ጥርሱ ከቤቱ ጋር ሲጣላብን ምን እናደርጋለን? አንዱን ጥርስ በሞረድ ፍቀን እናጠፋዋለን። አምፑሉ ይገባል፤ ግን እንደፈለገው ይገባል፤ ቀጥ ብሎም፣ ተገልብጦም። ፒያሳ ውስጥ ይህን የማያደርግ ኤሌትሪሺያን አልነበረም። ብልኀት ነው ብለን እንኮራበትም ነበር።

አንድ ክረምት ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት የውይይት ታክሲ መጣልኝ። ጋሽ ሀብቶም ስብሰባ ተጠርተዋል። ጥርሱን ሞረድኩ፣ ገጠምኩ፣ ሹፌሩ ረገጠ፣ ቀይ ነገር አየሁ፣ «ሂድ» አልኩት። ዐሥር እርምጃ አልሄድኩም፤ የኋላ መብራቱንም አላስበራሁም። ለካ ገልብጬ ገጥሜዋለሁ። ጋሽ ሀብቶም ከስብሰባ ሲመለሱ «አየሽው?» አሉኝ። «አየሁት» አልኩ። አምነውኝ ፈረሙ።

በማግሥቱ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ሹፌሩ የኋላ መብራቱን አብርቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚነድደው ወፍራሙ ክር ነው። ፍሬን ሲይዝ የተጨመረችው ያቺ ቀጭኗ ናት፤ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ አይታይም። ጎመን የጫነ የጭነት መኪና ከኋላ ገባበት። በሩ ጋ የተቀመጠ አንድ ደብዳቤ አመላላሽ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ «አምፑሉን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ብዙ ዐየኝና «እኔ እኮ በእግሬ ነበር የምበላው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ደምሴ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት የመሣሪያ ሳጥኔን ተቀበለኝ። «ከእንግዲህ አምፑል አትነኪም» ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባኝ። ጋሽ ሀብቶምንም ሳያዩ ስለፈረሙ ከአለቃነት አነሣቸውና ታዬን ሾመ። መቼም የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ታዬ በመስኮቴ ባለፈ ቁጥር «መብራት እንዴት ነው?» ይለኛል። ከዓመት በላይ ብሎን ሳድል ኖርኩ። እጄ ሥራ ሲናፍቅ ጣሊያኑ ትቷቸው የሄደውን የመለዋወጫ ቆርቆሮዎች ከመደርደሪያ አወርዳለሁ። መዝገብ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብለው ብቻ ነው የተጻፉት። አንድ በአንድ ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ ለይቼ በየስማቸው አስቀመጥኳቸው።

ጋሽ ሀብቶም ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው መስኮቴ ላይ መጡ። «ጓለይ፣ እኔ ከሄድኩ እዚህ ቤት ስለ አንቺ የሚናገር የለም። በዚህ ወር ውስጥ ወደ መኪናው ካልተመለስሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቀሪ ዕድሜዬ በሙሉ በዚያች መስኮት ልክ ሆኖ ታየኝ፤ ፈራሁ።

ያን ሰሞን ነው የእትዬ ማሚቴ መኪና የመጣችው። እትዬ ማሚቴ በደጉ ጊዜ ውቤ በረሃ ስመ ጥር ቡና ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። መኪናዋ ቀይ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ባለ ሁለት ወንበር የጣሊያን እሽቅድምድም መኪና ናት፤ ሆዷ ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አገር ሲለቅ የነበረ ጣሊያን ነው የሸጠላቸው። ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረችም። እትዬ ማሚቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መሪ ሲይዙ ፒያሳ ሥራ ፈትቶ ነው የሚያያቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መኪና መያዝ ድፍረት ነው፤ ቀበሌው በክፉ ዓይን ሲያያት ከርሟል። ሰበብ ደግሞ አልጠፋም፤ በዓመታዊው ምርመራ በግራው የፍሬን መብራት ምክንያት ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሁለቱንም ጊዜ አምፑሉን የቀየረላቸው ታዬ ነው። ጋራዥ ውስጥ ይበራል፤ ምርመራው ቦታ ሲደርስ እንቢ ይላል። መርማሪው «ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች ታርጋዋን እፈታለሁ» ብሏቸዋል። ቀጠሮው ሐሙስ ጧት ነው፤ መኪናዋ ረቡዕ መጣች።

ታዬ መስኮቴ ላይ ደርሶ መጠየቂያ ወረቀቱን ወረወረልኝ። «አንድ አምፑል፣ አንድ ሞረድ።»

«ሞረዱ ለምንህ ነው?»

«ጥፍሬን ልሞርድበት። ስጪኝ ባክሽ፣ ሥራ አለብኝ!»

«ለፍሬን መብራት ከሆነ አልሰጥህም።»

ሳቀብኝ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ!» አለና ዞሮ «ጓድ ደምሴ! ግምጃ ቤቷ ሥራ አስቆመች!» ብሎ ተጣራ።

ደምሴ እየተጣደፈ መጣ። እትዬ ማሚቴ ከኋላው፣ ጋሽ ሀብቶም ከእሳቸው ኋላ።

«ደግሞ ስለ አምፑል የምትናገሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ ደምሴ።

ደሜ ፈላ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! የሰው እግር ሰብሬያለሁ፤ እንዴት እንደሚሰበር እዚህ ቤት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሞረዱን አልሰጥም። ከፈለጉ ከዚህም ያባርሩኝ!» መሳቢያዬን ሳብኩና ከጣሊያኑ ቆርቆሮ ያገኘሁትን አምፑል ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። «ይኸው እውነተኛው። ጥርሱ ያልተነካ። እኔ ለይቼ ካስቀመጥኩት ከራርሟል፤ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

እትዬ ማሚቴ አምፑሉን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ስምሽ ማነው ልጄ?»

«አስካለ።»

«አስካለ ትሥራልኝ።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ...» አለ ደምሴ።

«ሰማሁ። እግር መስበሯን ራሷ ነገረችኝ። እናንተ ሁለት ጊዜ ስታስወድቁኝ ምን ብላችሁ ነገራችሁኝ?»

ደምሴ ከንፈሩን ነከሰ። «ይሁን» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ነገ ካለፈች ሳጥንሽን ትወስጃለሽ። ከወደቀች ግን ግምጃ ቤቱንም እርሺው፤ ወደ ትራክተር ጣቢያሽ ትመለሻለሽ።»

ጋሽ ሀብቶም ጨርቅ አቀበሉኝ። እጄን ጠረግሁ።

እትዬ ማሚቴን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ከፍቼ ተንበረከክሁ። የግራውን መብራት ቀይ ክዳን የያዙት ሁለት ብሎኖች ዝገዋል። ጭንቅላታቸው እንዳይበላብኝ ካቻቪቴዬን ጠበቅ አድርጌ ጥቂት በጥቂት ነው ያላቀቅኋቸው። ክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ተሰባብሮ ውኃ አስገብቷል፤ የአምፑሉ ቤት አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የታዬን አምፑል ጫን አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩና አወጣሁ። እንደጠረጠርኩት ጥርሱ ተበልቷል። ሁሉም እንዲያየው መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግቼ አኖርኩት። ቤቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ታች ያሉትን ሁለት የመዳብ ምላሶች ቀስ አድርጌ ቀና አደረግኋቸው። እጄ ሥራውን አልረሳም። አዲሱን አምፑል ሳስገባው ቀጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ይርገጡ እትዬ!»

ረገጡ። ቦግ አለ! የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። «በቃ፣ በቃ፣ ወደ ሥራችሁ!» አለ ደምሴ።

«አልበቃም» አልኩ። ክዳኑን አሠርኩ፤ ኮፈኑን ዘጋሁ፤ የኋላ መብራቱን አስበራሁ። ዐሥር እርምጃ ቆጥሬ ዞርኩ። «ይርገጡ!»

ቀኙ ቦግ አለ። ግራው፣ የእኔው፣ ደብዛዛ እንደሆነ ቀረ።

«መብራት እንዴት ነው?» አለ ታዬ።

ማንም አልሳቀለትም፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዞሬ ጋሽ ሀብቶምን ባይ መነጽራቸውን አውልቀዋል። ትራክተር ጣቢያው ታየኝ። እንባዬን በእልህ ዋጥ አድርጌ ሄጄ ኮፈኑን ብከፍተው መብራቱ ቦግ!

«እትዬ፣ እንደገና ረገጡት?»

«መቼ አነሣሁና! ያንሡ ሳትዪኝ ለምን ብዬ አነሣለሁ?»

ክው አልኩ። እግራቸው እዚያው ነው። ኮፈኑን ቀስ ብዬ ዝቅ አደረግሁ፤ ጠፋ። ከፍ አደረግሁ፤ በራ። ዝቅ፣ ጠፋ። ከፍ፣ በራ። ሳቄ መጣ። ሁለት ጊዜ ጋራዥ ውስጥ በርቶ ምርመራ ላይ እንቢ ያለው ለዚህ ነው! አምፑሉ የሚቀየረው ኮፈኑ ተከፍቶ ነው፤ ታዬም እንደተከፈተ አይቶ «በራ» ይላል። መኪና ግን ኮፈኗን ከፍታ መንገድ አትሄድም።

ኮፈኑ ሲወርድ የማጠፊያው ክንድ የሚጫነውን ሽቦ በጣቴ ዳበስኩ። ላዩ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ውስጡ አጥንት እንደሌለው ሁሉ እጥፍ አለ። መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ ሲዘጋ ይለያያል። ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ አዲስ ሽቦ ቀጠልኩ፣ በእርሳስ በየድኩ፣ ጠቀለልኩ። ዳግመኛ እንዳይጫነውም ከክንዱ አርቄ በሌላ በኩል አሳለፍኩት። ኮፈኑን ዘጋሁ። ዐሥር እርምጃ።

«ይርገጡ!»

ሁለቱም! ደም መስለው! መብራት አብርተን ረገጡ፣ አጥፍተን ረገጡ፤ ሁለቱም ቦግ፣ ሁለቱም ቦግ! ጋሽ ሀብቶም መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ መጥተው ቆሙ። «ጽቡቅ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ይህችን ቃል ከእሳቸው አፍ ማውጣት ጥርስ ከማውለቅ ይከብድ ነበር።

ሐሙስ ጧት ደምሴ ከእትዬ ማሚቴ ጎን ተቀመጠ። ጋሽ ሀብቶምና እኔ በጋራዡ ፒካፕ ከኋላ ተከተልን፤ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። አትክልት ተራ ጋ ስንደርስ አንድ ተሸካሚ ሣጥን ሙሉ ቲማቲም በትከሻው እንደያዘ ሳያይ ዘው ብሎ መንገድ ገባ። እትዬ ማሚቴ ፍሬኑን ሲጥ አደረጉት። ሁለቱ ቀይ መብራቶች ከፊታችን ቦግ አሉ፤ ጋሽ ሀብቶምም በዚያው ቅጽበት ረገጡ። ክንድ ሲቀረን ቆምን። ተሸካሚው ሣጥኑን አስተካክሎ፣ እኛኑ ተሳድቦ መንገዱን ቀጠለ።

«አየሽ ጓለይ» አሉኝ ጋሽ ሀብቶም። «ዛሬ ለእኛ ነው የበራው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ያ ደብዳቤ አመላላሽ ነው ትዝ ያለኝ። ያቺን ዐሥር እርምጃ ለእሱም ብሄድለት ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ሀብቶም ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ንጹሕ ጨርቅ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

መርማሪው መኪናዋን ገና ከሩቅ ሲያያት «መጡ ደግሞ!» ብሎ መፍቻውን ይዞ ነበር የጠበቀን፤ ታርጋ ሊፈታበት። ከኋላዋ ቆሞ አስረገጠ። በራ። የኋላ መብራቱን አስበርቶ አስረገጠ። በራ። አላመነም፤ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገና እንደገና አስረገጠ። በራ! መፍቻውን ኪሱ ከተተና «ማነው የሠራው?» አለ።

ደምሴ አፉን ሲከፍት እትዬ ማሚቴ ቀደሙት። «ያቻትና! ፒካፑ አጠገብ የቆመችው!»

መርማሪው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ቀጥሎ ቦሎውን መስተዋቷ ላይ ለጠፈ። እኔም በሰው ፊት መሆኔን ረስቼ እልል አልኩ። እትዬ ማሚቴ ተቀበሉኝ፤ የምርመራው ግቢ ሠርግ ቤት መሰለ።

ደምሴ ተመልሶ ሊገባ የመኪናዋን በር ሲይዝ እትዬ ማሚቴ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ዘረጉ። «እርስዎ በፒካፑ ይምጡ ጓድ። ኤሌትሪሺያኔ ትግባ።»

ገባሁ። ከመሬት ጋር የተነካካሁ መሰለኝ። ሸራውን ገልጠውት ነበር፤ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ጊዮርጊስን ዞረን ፒያሳ ስንደርስ ሰው በየበረንዳው ቆሞ ያየናል። አንዱ ጎረምሳ «እትዬ ማሚቴ፣ ረዳት ቀጠሩ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «ረዳት አንተ ነህ! ይቺ አለቃ ናት!» አሉት። እኔም አንገቴን እንደ ሙሽራ ሳልሰብር ቀና ብዬ አለፍኩ።

ጋራዡ በር ላይ ታዬ ቆሟል። ቦሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ «አስካለ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ ከአንጀቱ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን አለኝ። ከኋላችን ፒካፑ ደረሰና ደምሴ ወረደ። ኮቱን አራገፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አቶ ሀብቶም የቀረቻቸውን ወር አለቃ ሆነው ይጨርሱ። አንቺም ነገ ጧት ሳጥንሽን ተረክበሽ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ነገ ለምን?» አልኩት። «ገና አራት ሰዓት እኮ ነው!» ብዬ ወረፋ ይዞ ወደቆመው የመጀመሪያ መኪና ሄድኩና ሹፌሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።